ደረሰኙ ለማን ይቆረጣል?

ሻጭና ገዥ ዓይን ለዓይን በማይተያዩበት ገበያ፣ በመካከላቸው የቆመው ነጋዴ የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበትን? ወይስ ዝምታው የሙያው ድርሻ ነው? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ያነሣል። የሮድስ ደሴት ሰዎች በረሀብ ተይዘዋል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርስላቸዋል። ሌሎች መርከቦችም እህል ጭነው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በዓይኑ አይቷል፤ የከተማው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ነጋዴው ይናገር? ወይስ ዝም ብሎ በረሀብ ዋጋ ይሽጥ?

በዚህ ነገር ሁለት ፈላስፎች፣ ባቢሎናዊው ዲዮጋንና ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ፣ ሳይስማሙ ይቀራሉ። መምህሩ የዕቃውን ጉድለት አለመደበቅ ይበቃል፣ ከዚያ ያለፈውን አለመናገር መደበቅ አይባልም ይላል። ደቀ መዝሙሩ ደግሞ የሰው ልጅ ለሰው ልጅ የሚጠቅመውን እያወቀ ዝም ሊል አይገባውም ብሎ ይከራከራል። ሲሴሮ የፈረደው ለደቀ መዝሙሩ ነው።

በሮድስ ያላወቀው ገዥው ነበር። በዘመናችን የእጅ ሥራ ንግድ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ዋጋውን የማታውቀው ሠሪዋ ናት። እኔም ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። የብዙ ሠሪዎችን የእጅ ሥራ ሰብስቦ በኢንተርኔት ሱቅ የሚሸጥ ሰው ለሠሪዎቹ ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄውን ወደ መተማ ይዘን ብንወርድ ይበልጥ ይጠራል። መተማ ጥንቱንም የአገናኞች ገበያ ነበረች። ብዙዎቻችን የምናውቃት አፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ በመሆኗ ነው። ነገር ግን ከጦርነቱም በፊት የደጋው ቡና፣ ሰምና ማር ወደ ሱዳን የሚሻገርባት፣ የሱዳን ዕቃ ወደ ጎንደር የሚወጣባት ከተማ ነበረች። የሰው ልጅም ሳይቀር እንደ ዕቃ ተሸጦባታል። ቡናውን የለቀመው ገበሬና ቡናውን የጠጣው ሰው አንድም ቀን አልተገናኙም። በመካከላቸው የቆመው ነጋዴ የሁለቱንም ዋጋ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነበር፤ ሀብቱም ከዚህ ዕውቀቱ ይመነጭ ነበር።

ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚታወቀው በሰሊጥ፣ በጥጥና በዕጣን ነው። የእጅ ሥራ ከእነዚህ ጋር ተወዳድሮ ስሙ አይነሣም። ይሁን እንጂ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሠፈራ ፕሮግራም ከደጋ ወደ መተማና ወደ ቋራ ከወረዱት እናቶች መካከል ስፌታቸውን ይዘው የወረዱ አሉ። በዚያው ቆላ የሚኖሩ የጉሙዝ ተወላጆች አሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በመተማ በኩል በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲሻገሩ፣ ንብረታቸውን ጥለው የእጃቸውን ሙያ ብቻ ይዘው የመጡ ብዙ ናቸው። እጅ ድንበር ሲሻገር አይፈተሽም።

እንግዲህ አንዲት የገንዳ ውኃ እናት አንድ መሶበ ወርቅ ሰፋች እንበል። አንድ ወጣት ፎቶ አንሥቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ይልካል። ዘመድየው በቴሌግራም ያወጣዋል። ከዚያም ዋሽንግተን ያለች የአክስት ልጅ ኤትሲ በተባለው የእጅ ሥራ ገበያ ላይ በከፈተችው ሱቅ ትሰቅለዋለች። እናትየዋ 2,000 ብር ተቀብላለች። መሶቡ በ120 ዶላር ተሸጠ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያመጣኋቸው ናቸው። ጥያቄው ግን የምሳሌ አይደለም፤ በመካከል በደል ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?

ለመፍረድ አንቸኩል። የሱቁ ባለቤትም ወጪ አለባት። ኤትሲ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 6.5 በመቶ ይወስዳል፤ ከ120 ዶላር 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም መሆኑ ነው። ዕቃውን በሱቁ ለመዘርዘርና ገንዘቡን ለመቀበል ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። መሶብ ቀላል ነው፤ ሆዱ ግን ሰፊ ነው፤ የአየር ጭነት የሚሰላውም በክብደት ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ጭምር ነውና ባዶው ሆዱም ይከፈልበታል። በመንገድ የሚጨፈለቅ አለ። ሳይሸጥ ዓመት የሚከርም አለ። ፎቶ ማንሣቱ፣ ከገዥ ጋር መጻጻፉ፣ የተመለሰውን መቀበሉ ሁሉ ሥራ ነው። «ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለው ያረጀ ፍርዳችን ለማንም አልበጀም። አገናኝ ባይኖር ኖሮ ያ መሶብ ከገንዳ ውኃ ገበያ ባልወጣ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ትርፉ ምን ያህል ይሁን የሚለው አይመስለኝም። ትርፉ ከምን የመጣ ነው የሚለው ነው። መለኪያው ቀላል ነው። እናትየዋ መሶቡ በስንት እንደተሸጠና ምን ምን ወጪ እንደወጣበት ብታውቅ፣ የሱቁ ባለቤት ትርፍ ይቀንስ ነበርን? የማይቀንሰው የድካም ዋጋ ነው፤ ሊነካ አይገባም። የሚቀንሰው ክፍል ግን የድካም ዋጋ ሳይሆን የሠሪዋ አለማወቅ ኪራይ ነው። ከሰው ድካም መካፈል ንግድ ነው። የሰውን አለማወቅ አከራይቶ መብላት ግን፣ ሠሪዋ «እሺ» ብላ የሸጠች ብትሆን እንኳ፣ ሌላ ስም ያስፈልገዋል። እሺታ ዕውቀት ሲጎድለው ግማሽ እሺታ ነውና።

«ብንነግራትም አይገባትም» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ቆላውን አለማወቅ ነው። የመተማ ገበሬ የሰሊጥ ዋጋ ከዓለም ገበያ ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በየከተማው የዋጋ ሰሌዳ ሲሰቅል፣ በስልክም ዋጋ መጠየቂያ ሲያበጅ፣ መነሻው ይኸው ሐሳብ ነበር፤ ያመረተው ሰው ዋጋውን ይወቅ። ገበያው ብዙ ጉድለት ሊወጣለት ይችላል፤ ይህ መነሻው ግን ትክክል ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ባልየው የሰሊጡን ዋጋ ሰምቶ እየተደራደረ፣ ሚስትየዋ የመሶቧን ዋጋ ሳትሰማ የምትሸጥበት ምክንያት ምንድን ነው? የስፌት ዋጋ ከሰሊጥ ዋጋ የረቀቀ ሆኖ አይደለም። የሚሰቀል ሰሌዳ የሚያስፈልገው መስሎ የታየው ሰው ስለሌለ ነው።

«ብነግራትማ ዋጋ ትጨምርብኛለች፤ ወይም ወደ ሌላ ትሄዳለች» የሚለው መልስ የበለጠ ሐቀኛ ነው። አዎን፣ ልትጨምር ትችላለች። ልትሄድም ትችላለች። ገበያ ማለት እኮ ይኸው ነው! ራሷ የሱቋ ባለቤት ከኤትሲ የምትጠብቀውም ይህንኑ ነው። ኤትሲ ከሽያጭ የሚወስደውን ድርሻ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ፣ ብዙ ሻጮች ሱቃቸውን ለአንድ ሳምንት ዘግተው አድመዋል። ማደም የቻሉት ድርሻው ስንት እንደነበረና ስንት እንደሆነ በግልጽ ስለተነገራቸው ነው። የገንዳ ውኃዋ እናት ግን ማደም አትችልም። በዚያ ሱቅ ውስጥ መኖሯንም አታውቅምና። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ የክልሉን የእጅ ሥራ የሚሸጥ ሱቅ በሌላው ዓለም ክፍት ሆኖ ሊውል ይችል ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ሊያዩት የሚችሉበት መስኮት ተዘግቶ ነበር። መስኮቱ በማን እጅ እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ከዋጋው ሌላ የስም ጉዳይ አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ በገበያም ላይ ይውላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ያን ጊዜ ሁላችንም «ስማችን ሀብታችን ነው» ብለናል። ታዲያ ለአገር ስም እንዲህ የተቆረቆርን ሰዎች፣ በኢንተርኔት ሱቅ ላይ «በኢትዮጵያ በእጅ የተሠራ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የሠሪዋ ስም ሲጠፋ ለምን አይቆጨንም?

ስም ከሠሪው ተለይቶ ሲሸጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጎንደር ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወለቃ መሄድ ይበቃል። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ የሠሯቸው ትናንሽ ምስሎች በብዙ ጎብኚዎች ሻንጣ ውስጥ አገር ለቀው ወጥተዋል። ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ወጣ። ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በ1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ሌሎች ከአዲስ አበባ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ። መንደሯና የሸክላው ዝና ግን ቀሩ። በመንገዱ ዳር ሸክላው በቀድሞዎቹ ስም መሸጡ ቀጠለ። ዛሬ የሚሠሩት ሴቶች ጥፋተኞች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ጭቃውን የሚያቦኩት እነሱው ናቸው። ግን የሄዱትም ስማቸው ያለ እነሱ ቀረ፣ ያሉትም ስማቸው ሳይጠራ ቀረ። ሁለቱም ወገኖች ተጎድተዋል።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። «ስሟን ጻፉላት» ማለት ብቻውን ጽድቅ አይደለም። በአገራችን ባለ እጅ መሆን ክብር ሆኖ አያውቅም። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብላለች፤ አንጥረኛው ጠይብ እየተባለ ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። ከዚሁ ቆላ፣ ከቋራ የተነሡት አፄ ቴዎድሮስም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው መሰደባቸው ይነገራል። በእጇ አዘጋጅታ ገበያ ይዛ የወጣች እናት ለልጇ የምታወርሰው ስድብ የነበረበት አገር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ስምን ማውጣት ለአንዷ ክብር፣ ለሌላዋ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ከጦርነት ሸሽታ ለመጣች ሱዳናዊት ደግሞ ፊቷና ያለችበት ቦታ በዓለም ፊት መሰቀሉ አደጋ ሊያመጣባት ይችላል።

የስደቷ ታሪክም የራሷ ነው። አንዳንድ ሱቆች ከዕቃው ይልቅ መከራውን ይሸጣሉ፤ ገዥው ስፌቱን ወድዶ ሳይሆን አዝኖ እንዲገዛ ያደርጋሉ። ከሐዘን የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሥራውን ወድዶ የገዛ ግን ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉም በላይ፣ ዓመታት የፈጀ ሙያዋን ትቶ መከራዋን ብቻ ማየት ለሠሪዋ ሁለተኛ ስድብ ነው።

ስለዚህ ስሟ ይጻፍ አይጻፍ፣ ታሪኳ ይነገር አይነገር የምትወስነው እሷ ናት። ለመወሰን ግን ማወቅ አለባት፤ ለማወቅ ማየት አለባት። የዋጋውም፣ የስሙም፣ የታሪኩም ጉዳይ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። አገናኙ ሁለቱንም ወገን የሚያይ ብቸኛ ሰው ነው፤ ሐቀኝነቱም የሚለካው እነሱን ምን ያህል እንዲያዩ በፈቀደው መጠን ነው።

ይህ በተግባር ሊሆን የማይችል የሕልም እንጀራ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደተመሠረተው የሽመና ድርጅት ሳባሃር ያሉ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ቀጥረው የሚያሠሩ በመሆናቸው ጥያቄያቸው የደመወዝ ጥያቄ ነው። እዚህ የምንናገረው ግን በየቤታቸው ለብቻቸው ስለሚሠሩ፣ ቀጣሪም ማኅበርም ስለሌላቸው ሰዎች ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የኢንተርኔት ሱቅ ዕቃ በሸጠ ቁጥር ለገዥው ደረሰኝ ይልካል። ያው ደረሰኝ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ በአማርኛ ወይም ሠሪዋ በምታውቀው ቋንቋ ይጻፍ፤ ዕቃው በስንት እንደተሸጠ፣ ለኤትሲ፣ ለጭነትና ለባንክ ስንት እንደሄደ፣ ለሱቁ ስንት እንደቀረ፣ ሥዕሉ ሥር ምን ተብሎ እንደተጻፈ ይዘርዝር። ከቀጣዩ ገንዘብ ጋር ይድረሳት። ማንበብ ካልቻለች ልጇ ያንብብላት።

ይህን ደረሰኝ ለመላክ የማያፍር ነጋዴ ትርፉ የቱንም ያህል ቢሆን ንጹሕ ነው ብዬ አምናለሁ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ካለ ግን የሚያስፈራው ቁጥር የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ከእርሱ በቀር የሚነግረው አያስፈልገውም። የሮድሱ ነጋዴ ከኋላው የሚመጡትን መርከቦች ያወቀው ብቻውን ነበር። እኛም አገር ውስጥ ሆነን፣ ውጭ ሆነን፣ በስልካችን ላይ መሶብ የምንገዛ ሰዎች ከመክፈላችን በፊት አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ምንም አይጎድልብንም፤ የዚህ ደረሰኝ ሌላው ቅጂ ለማን ይደርሳል?