በነጻ የተገኘ ሙያ፣ በነጻ የተወሰደ ታሪክ

የፊልም ድርሰት አጻጻፍ ለመማር ገንዘብ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አልፏል። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሽልማት ወቅት ሲደርስ ለውድድር ያቀረቧቸውን ፊልሞች ስክሪፕት ለሕዝብ ይለቃሉ፤ የፈለገ አውርዶ ያነባል። ቢቢሲ ያሠራቸውን ድራማዎች ስክሪፕት ለጀማሪ ጸሐፊዎች ማንበቢያ ብሎ ያለ ክፍያ አስቀምጧል። ጆን ኦገስትና ክሬግ ሜዚን የሚባሉ ሁለት የታወቁ ደራስያን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ስክሪፕትኖትስ» በተሰኘው ፖድካስታቸው ስለ ሙያው ውስጠ ምስጢር ሲያወሩ ኖረዋል። ጽሑፉን በሙያው ደንብ የሚያሰናዳ ነጻ ሶፍትዌርም አለ። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ሥር የሆነው የአርስቶትል «ፖኤቲክስ» ደግሞ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ማንም የባለቤትነት ዋጋ የማይጠይቅበት መጽሐፍ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ለነዋሪው የሚሰጠው በነጻ ነው፤ መጽሐፉም፣ ኮምፒውተሩም፣ ጸጥ ያለው ጠረጴዛም እዚያ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ኮልስቪል ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው ሲልቨር ቲያትር በ2003 ታድሶ የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ማዕከል ሆኗል፤ አዳዲስ የአፍሪካ ፊልሞች የሚታዩበት ፌስቲቫልም ያስተናግዳል። ዋሽንግተን ውስጥ ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ወጣት አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በብዙ ሺህ ዶላር ከሚማረው ውስጥ አብዛኛውን በጆሮ ማዳመጫው መስማት ይችላል።

ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፊልም ለመጻፍ ሙያው ብቻ አይበቃም፤ ታሪክም ያስፈልጋል። ሙያውን በነጻ ያገኘ ሰው ታሪኩንም የሚያገኘው በነጻ ነው፦ ከእናቱ ቤት፣ ከቡና ጠረጴዛ፣ ከለቅሶ ድንኳን፣ አብሮት ከሚሠራ ሰው አፍ። በሁለቱ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ሙያውን ባለቤቶቹ ወደውና አስበውበት ሰጥተውታል። ታሪኩን የሰጠው ሰው ግን እየሰጠ መሆኑን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ የተናገረው ለማውራት ነው፣ ወይም ልቡን ለማቅለል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ ሙያውን ያለ ዕዳ የተማረ ሰው ታሪኩንም ያለ ዕዳ መውሰድ ይችላል?

በነጻ መማር ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ እየበላ፣ ለመምህሩ ክፍያ ሳይከፍል ለዓመታት ቅኔ ይማር ነበር፤ ዛሬም የሚማር አለ። ሆኖም በቅኔ ቤት ነጻ ማለት ዕዳ የለበትም ማለት አልነበረም። ተማሪው መምህሩን ያገለግላል፣ ከእሱ በታች ያለውን ያስጠናል፣ ሲመረቅም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ያደምጣል፣ ያቃናል፣ ከሌላ የተወሰደ ከሆነም ያውቅበታል። ተማሪው አንድም ሳንቲም ባይከፍልም፣ ከየት አመጣኸው ብሎ ከሚጠይቀው ሰው አያመልጥም።

ብቻውን በስልኩ የሚማር ሰው ይህ ጠያቂ የለውም። ፖድካስቱን የሚያቀርቡት ሰዎች አያውቁትም፣ ስክሪፕቱን የለቀቀው ስቱዲዮም ማን እንዳነበበው አይከታተልም። ስጦታው ሰጪና ተቀባይ ሳይተያዩ የሚተላለፍ ነው። ጠያቂ የሌለበት ትምህርት ዕዳ የሚባል ነገር መኖሩን ለመርሳት ይመቻል።

በዚያ ላይ ሙያው ራሱ ታሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል። ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ ያስፋፋው ባለ ሦስት ገቢር አወቃቀር ዛሬ በነጻ በሚገኙ ትምህርቶች ውስጥ በሰፊው ይደጋገማል፦ አንድ ዋና ገፀ ባሕርይ አለ፤ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ መሰናክል ይገጥመዋል፤ ግጭቱ እየከረረ ሄዶ ይፈነዳል። ይህ ምክር ውሸት አይደለም። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ከመንዛዛት የዳነው በዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው መለኪያው እውነተኛ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰዘርን ታወርስ ሕንጻ፣ አንዲት እናት አሉ እንበል። ሃያ ዓመት ሆቴል አጽድተዋል። ባጠራቀሙት ወንድሞቻቸውን አስተምረዋል፣ አገር ቤት ቤት ሠርተዋል፣ ዕቁብ ጥለዋል፣ ዕድር ከፍለዋል። የጎረቤታቸው ልጅ ስለ እሳቸው ፊልም ሊጽፍ ይነሣል። መመሪያው «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የእሳቸው ፍላጎት ግን አንድ አይደለም፤ በወንድም፣ በእኅት፣ በልጅ፣ በሟች እናት መካከል የተከፋፈለ ነው። መመሪያው «ግጭቱ የት ነው?» ይለዋል። ሕይወታቸው የሚፈነዳበት ቦታ የለውም፤ እንደ ምንጭ ውኃ ዝም ብሎ የሚወርድ ነው። ልጁ ስክሪፕቱ እንደማይራመድለት ሲያይ፣ አንድ ቀን ቡና ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩትን ያስታውሳል። ለማንም ያልተናገሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያወጡት ነገር ነው። ስክሪፕቱ የጎደለው እሱ ነበር። ያንን ያስገባና ድርሰቱ ይነሣል።

እዚህ ላይ ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። የተማረውን በትክክል ነው የሠራው፤ ድርሰቱም ከበፊቱ እንደሚሻል ጥርጥር የለውም። ስለዚህም ጉዳዩ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆነ። መጥፎ ድርሰት የሚያደርስ መንገድ ቢሆን ኖሮ መተዉ ቀላል ነበር።

የተለመደው መፍትሔ ስም መቀየር ነው። ብዙ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ የተወራ ወሬ እስኪመሽ አሌክሳንድሪያ በሚደርስበት ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ስም መቀየር ማንንም አይሸፍንም። ባለታሪኳ ማን እንደሆኑ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ በአሥረኛው ደቂቃ ያውቃል። የማያውቁት የውጭ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ስሙ ባይቀየርም ማንነታቸውን አያውቁም ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ መነሻ ያደረገው በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ለጋብቻ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ገድላ፣ ራሷን በመከላከል ነው ተብሎ በነጻ የተለቀቀችን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ታዳሚው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ምርቃቱ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የእኔ ነው፣ ያለ ፈቃዴ ነው የተሠራው ብላ አቤት ያለችው ባለታሪኳ ነበረች። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቷል። ስም መቀየሩ ግን ባለታሪኳን ባይተዋር እንዳላደረጋት ያ ምሽት አሳይቷል፤ ሂሩት የተባለችው እሷ መሆኗን ከሁሉ በፊት ያወቀችው ራሷ ናት።

በሌላ በኩል የሚነሣው ክርክርም ቀላል አይደለም። የፍርድ ቤት ጉዳይ የሕዝብ ነው፤ የተፈጸመ ድርጊት የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ለእያንዳንዱ ታሪክ ፈቃድ ይጠየቅ ከተባለ ጠላፊውም፣ ገራፊውም፣ ጉቦ ተቀባዩም «ታሪኩ የእኔ ነው፣ አልፈቅድም» ሊሉ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር በግፍ ላይ የተጻፈ አንድም ድርሰት አይኖርም ነበር። «ድፍረት» ራሱ ስለ ጠለፋ በአገር ውስጥም በውጭም እንዲወራ ያደረገ ሥራ ነው፤ ያ ጥቅም በሰነድ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ከሚቀር ዝምታ ይበልጣል የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ ፈቃድ ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ግፍ የሠራና ግፍ የደረሰበት ሰው ግን እኩል አይደሉም፤ በአደባባይ የተደረገና በሹክሹክታ የተነገረም አንድ አይደለም። ጉልበተኛ ላይ የሚጻፍ ድርሰት ፈቃድ አይጠይቅም። ለጸሐፊው አምነው የነገሩት ሰው ግን ሌላ ናቸው። ለእሳቸው የሚስማማው መለኪያ በቅኔ ቤት የነበረው ይመስላል፦ ድርሰቱን ይዞ ፊታቸው መቅረብ። ጸሐፊው ገና ካሜራ ሳይነሣ፣ ገና ማንም ሳያየው፣ የጻፈውን በእሳቸው ፊት ሊያነብ ይችላል? የማይችል ከሆነ ለምን እንደማይችል ያውቃል። ያ ዕውቀት ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ ስለ ድርሰቱ ይነግረዋል።

በዚህ ረገድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቅ ምሳሌ አለ። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍት መደብር ያገኛል። የመሠረቱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ናቸው። የጎንደሩ ኃይሌ የተውኔት ጸሐፊ ልጅ ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንጂ ብቻቸውን አይደለም። ሆኖም የተማሩትን አወቃቀር እንዳለ አልተቀበሉትም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 ኢትዮጵያ ሄደው በሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀርጹ፣ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን በአማርኛ አሠሩ። የገበሬ ኑሮ በሌለበት ቦታ አልተነገረም። ከብዙ ዓመት በኋላ የሠሩት «ጤዛ» ጊዜን እያመላለሰ፣ ከሕልም ወደ ትዝታ እየተሸጋገረ የሚሄድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ያገኘውም እሱ ነው። እንደ ምንጭ የሚወርድን ሕይወት በግድ ማፈንዳት ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ቋንቋውም የዚሁ ጥያቄ አካል ነው። በነጻ የሚገኘው ትምህርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪውም በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቀናዋል። የሙያው ደንቦችም ለእንግሊዝኛ የተሰፉ ናቸው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው የታወቀ ስሌት የተመሠረተው ኩሪየር በሚባለው የፊደል ዓይነት በአሥራ ሁለት መጠን በተጻፈ እንግሊዝኛ ላይ ነው። አማርኛ አንድ ፊደሉ ተነባቢና አናባቢ ስለሚይዝ፣ አንዱ ግሡም ባለቤትና ተሳቢ አዝሎ ስለሚሄድ፣ ስሌቱ እንዳለ አይሠራም። ጀማሪው ይህን ሲያይ አማርኛውን እንደ እንቅፋት ይቆጥረዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስክሪፕት ግን የሰዘርን ታወርሷ እናት ላያነቡት ይችላሉ። ገጹ በደቂቃ ባይለካም፣ በአማርኛ የተጻፈ ረቂቅ ባለታሪኳ ሰምተው «ይሄ እንዲህ አልነበረም» የሚሉበትን ዕድል ይሰጣል።

እምቢ ቢሉስ? «ያን ነገር አውጣው» ቢሉት ልጁ የድርሰቱን ልብ ሊያጣ ነው። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ በሌላ ነገር ይካሳል ብሎ ማጽናናት አይቻልም። በአደራ የተነገረውን ግን ማውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ በእጁ የሚቀረው ራሱ ያየው ነው፦ ለጎረቤት ልጅ ምሳ የሚቋጥሩ፣ ሌሊት ከሥራ ሲመለሱ በሩን ቀስ ብለው የሚዘጉ ሴት፣ እነሱንም ሲያይ ያደገ ልጅ። ከዚህ ጥሩ ፊልም ላይወጣ ይችላል። ቢወጣ ግን የተዘረፈ አይሆንም። ሙያውን በነጻ ለሰጡት ሰዎች ያለበትን ዕዳም የሚከፍለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ነገ ሌላ ጀማሪ ረቂቁን ይዞ ሲመጣ ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ «ይህን ከማን ሰማኸው? እሳቸውስ አይተውታል?» ብሎ በመጠየቅ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በፊልም ውስጥ ግን የሰው ወርቅ ያደምቃል፤ ያሸልማልም። ስለዚህ ጸሐፊው ወርቁ ያምርበት እንደሆነ መስተዋቱን ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። መልሱ ያለው ወርቁን ካዋሱት ሰው ዘንድ ነው፤ መጠየቅም የሚገባው አዳራሹ ከመሙላቱ በፊት ነው።