ምክር ቤት ወላጅ ሲሆን

በእንግሊዝ አገር አንድ ልጅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤተሰቡ ሲለይ የማሳደጉ ኃላፊነት በአካባቢው ምክር ቤት ትከሻ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ ለዚህ ሰባት መርሆችን ደንግጓል። ታዲያ መሥሪያ ቤት ወላጅ መሆን ይችላል?

ክትትሉ ጥብቅ ነው። ልጁ በምክር ቤቱ እንክብካቤ ሥር በገባ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ አያያዙ ይገመገማል፤ ቀጥሎ በሦስት ወር፣ ከዚያም ቢያንስ በየስድስት ወሩ። ግምገማውን የሚመራው ገለልተኛ ባለሙያ ነው። ስሜቱ ሳይቀር በ25 ጥያቄዎች ይለካል፤ ምክር ቤቱ የሚመዘግበውን መጠይቅ የሚሞላው ግን ልጁን በየዕለቱ የሚንከባከበው አሳዳጊ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ስለ ልጁ ሐዘን የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

ፈላስፋው ካንት ሰው እንደ መሣሪያ ብቻ እንዳይቆጠር አስተምሯል። የምክር ቤቱን ሪፖርት ለማሳመር ብቻ የሚቆጠር ልጅ መሣሪያ ሆኗል።

ቁጥሩን መጣል ግን የባሰ በደል ነው። በዓመት ውስጥ በሦስትና ከዚያ በላይ ማደሪያዎች የኖሩ ልጆችን የሚያጋልጠው ይኸው መዝገብ ነው፤ ያለ እሱ መንከራተታቸውን ማን ያውቅ ነበር?

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት የሪፖርቱን ሰንጠረዥ ከማጽደቃቸው በፊት ልጆቹን ራሳቸውን ይስሙ። ሕጉም የልጁ ስሜትና ፍላጎት ከግምት እንዲገባ ያዝዛል።