ከ«እግዜር ይስጥልኝ» በኋላ

ካንሰርን «ዕድለኛ» ብሎ መጥራት ነውር ይመስላል። ግን «ከያዘ ላይቀር እሱ ይሁን» የሚባልለት አንድ ካንሰር አለ፤ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ። የደም ካንሰር ነው፤ በዓመት ከ100,000 ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ቢይዝ ነው። በምዕራቡ ዓለም በዕድሜ የገፉ ሰዎች በሽታ ነው። እኛ አገር ግን ታማሚዎቹ በብዛት የኔና የናንተ እኩዮች፣ ወይ ትንሽ ታላቆቻችን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በነዚህ ታማሚዎች ሴል ውስጥ ያለቅጥ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ምክንያቱን አገኘችው፦ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። እዚያ መገጣጠሚያ ላይ ሁለት ጂኖች ይጣበቁና «ተባዛ፣ ተባዛ» የሚል ፕሮቲን ይሠራሉ። ኮድ ስጽፍ ስለምውል ይሆናል፣ ለኔ ማቆሚያው የጠፋበት ሉፕ ነው የሚመስለኝ። ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን ያንን ፕሮቲን ለይቶ ያግደዋል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው በሽታ በየቀኑ ክኒን እየዋጡ አብረውት የሚኖሩት ሆነ። ጂስት ለሚባል ብርቅ የሆድ ዕጢም ይሠራል፤ ዕጢው የሚፈለገው የጂን ለውጥ ካለው።

ችግሩ ዋጋው ነው። በ2012 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ወደ 90,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግን በነፃ ሲሰጥ ኖሯል፤ አምራቹ ኖቫርቲስ በ2002 ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው የእርዳታ ፕሮግራም በኩል። ለመግባት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ መግዛት አለመቻልና የጂን ለውጡ በምርመራ መረጋገጡ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ወሎ ሰፈር የዋለ ሰው ያንን መኪና ያውቀዋል፤ ጎኑ ላይ የታማሚ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «የወገን ያለህ!» የሚለውን። እውነቱን እንነጋገርና፣ እኛ የምንፈርደው በፎቶው ነው። ሕፃን ከሆነ እጃችን ቶሎ ኪሳችን ይገባል። ጎልማሳ ከሆነ መስኮት እንዘጋለን።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጂን ምርመራው በጣም ፍትሐዊ ነው። መልክህን አያይም፣ የየት አገር ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም፣ ዘመድ አያውቅም። ለውጡ አለ ወይም የለም፤ በቃ።

ታዲያ ጎኑ ያለችው፣ መድኃኒት የማይለገስለት ካንሰር የያዛትስ? ምን አጥፍታ ነው? ምንም። ክሮሞዞሙን የመረጠ ስለሌለ የሁለቱ መለያየት ለብቻው በደል አይደለም፤ ዕጣ ነው። በደል የሚጀምረው የሰው እጅ ሲገባበት ነው። ዋጋው ደግሞ የሰው እጅ ሥራ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2013 የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ ሲያደርግ፣ እዚያው አገር የሚመረተው ተመሳሳይ መድኃኒት በዓመት 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። ምርመራውም እንደዚያው ነው። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን፣ ካርትሬጁ ሲቀየር ይህንንም ጂን ይመረምራል። ማን ተመርምሮ ማን እንደሚቀር የሚወስነው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ክኒኑን የሚወስድ አብሮ አደግ አለኝ። አንዴ «ማመስገን አይሰለቸኝም፤ ግን ቢቋረጥ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም» አለኝ። ለኔ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ስጦታ ያድናል፤ አድኗልም፤ ይህንን የሚያናንቅ ሰው ክኒን ጠብቆ አያውቅም። ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ካሉ በኋላ «ለምን?» ማለት ይከብዳል። መብት ማለት ግን «ለምን?» የሚባልበት ቦታ መኖሩ ነው።

«ለአንድ ብርቅ በሽታ የሚወጣው ገንዘብ ስንቱን የተለመደ በሽታ ያክም ነበር» የሚል ሰው አለ። ተገቢ ክርክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ኢማቲኒብን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ በሌሎች ብዙ መድኃኒቶች ላይም ወስኗል፤ ሁሉንም ማስገባት አይቻልም። ልዩነቱ፣ ይህ ክርክር የሚካሄደው አባል በሆኑ ሰዎች መካከል ነው ወይስ ታማሚው በሌለበት በሰጪው ቢሮ ውስጥ የሚለው ነው።

አባልነትን ደግሞ እኛ ከማንም አንማርም። ዕድር ላይ ፎቶ አይጠየቅም። ሟቹ ቆንጆ ነበር፣ ሕፃን ነበር፣ አሟሟቱ ብርቅ ነው የሚል የለም። ወር በወር ተከፍሏል፣ ድንኳኑ ይመጣል፤ ከዘገየ ደግሞ ዳኛው ይጠየቃል። የጤና መድህን የሚባለው ነገር ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ለብርቅ በሽታ ገና ሩቅ ቢሆንም።

ሲሞት የማይለመንለት ሰው፣ ታሞ በሕይወት ሳለ በድምፅ ማጉያ ይለመንለታል። ማፈር ካለብን በለማኙ ሳይሆን በዚህ ነው።