ጥርጣሬም አደራ ነው

ያላየውን አየሁ ያለ ሰው መዋሸቱን ማንም አይክድም። የሚከብደው ሌላ ነው፦ በሰማው ላይ አንዳች ሳይጨምር ያስተላለፈ፣ ነገር ግን ከወሬው ጋር የተሰጠውን ጥርጣሬ ያስቀረ ሰው በምን ይጠየቃል? ጥያቄው እንደ አስቸኳይ ጥሪ ተቀባዮች ሥራ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ጥሪ ተቀባይ ድርጊቱን በዓይኑ አያይም፤ በፓትሮል ላይ ያለው ፖሊስም ከቦታው እስኪደርስ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። የታጠቀ ሰው፣ በብዙ አፍ ያለፈ ወሬ ይዞ፣ ወደማያውቀው ሰው ይገሰግሳል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ የደረሰው ይህን ያሳያል። አንድ ሰው ወደ አስቸኳይ ጥሪ ቁጥር 911 ደውሎ፣ መናፈሻ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ሰዎች ላይ የሚያነጣጥር ሰው እንዳለ ተናገረ። ሽጉጡ የውሸት ሳይሆን እንደማይቀር፣ የያዘውም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሊሆን እንደሚችል አክሏል። በሬዲዮ ለፖሊሶቹ የደረሰው ግን ሽጉጥ የያዘ ሰው መኖሩና መልኩ ነበር፤ የደዋዩ ሁለት ጥርጣሬዎች መንገድ ላይ ቀሩ። የፖሊስ መኪናው ሣሩን አቋርጦ አጠገቡ ቆመ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥም የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ተተኮሰበት፤ በማግስቱ ሞተ። የያዘው መጫወቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ሸንጎ (ግራንድ ጁሪ) የተኮሰውን ፖሊስ ሳይከስ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ለ8 ቀናት ከሥራ ታገደች።

የአገራችን አማኝ ለዚህ ሁለት መለኪያ አለው። ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። በቁርኣን ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ፣ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ አማኞች ሳያውቁ ሰው ጎድተው እንዳይጸጸቱ እንዲያጣሩ ታዘዋል። የመጀመሪያው ተናጋሪውን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሰሚውን። ጥሪ ተቀባይ ሁለቱም ነው፤ በጆሮው ሰሚ፣ በሚጽፈው መስካሪ። ምስክርነት ደግሞ የእርግጠኝነት ልክ አለው፤ «ሽጉጥ ነው» ያለና «ሽጉጥ ይመስላል» ያለ አንድ ነገር አልመሰከሩም። ደዋዩ ያወቀውን በልኩ አስረክቧል። ልኩን ያስቀረ መልእክተኛ ግን አንዲት የሐሰት ቃል ሳይናገር አደራ ይበላል።

ጠንካራው ተቃውሞ የጥንቃቄ ነው፦ የውሸት የተባለው ሽጉጥ እውነተኛ ቢሆንና ፖሊሱ ተዘናግቶ ቢሞትስ? ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ከሩቅ ያየ ደዋይ ይሳሳታል። ሆኖም ጥርጣሬን ማስተላለፍ ጥርጣሬውን ማመን አይደለም። «ደዋዩ የውሸት ሳይሆን አይቀርም ብሏል» የሚለው ቃል ፖሊሱን ትጥቅ አያስፈታውም፤ መኪናውን ራቅ አድርጎ እንዲያቆም፣ ከለላ ይዞ እንዲያጣራ ምክንያት ይሰጠዋል። ያ ርቀት የራሱንም ሕይወት ይጠብቃል። የከፋውን ግምት ብቻ የሚያስተላልፍ ሠራተኛ፣ ሳይታወቀው፣ በፖሊሱ ፈንታ ወስኗል።

ሌላው ተቃውሞ፣ ተኳሹ እያለ ስልክ ያነሳችውን መውቀስ ጥፋቱን ማሸሽ ነው ይላል። ጥፋት ግን እንደ ዳቦ ለአንዱ ሲቆረስ ለሌላው የሚያንስ አይደለም፤ ሁለቱም ሙሉውን ሊሸከሙ ይችላሉ። ፖሊሱ በሰማው ወሬ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለው ምክር ከማንም በላይ የታጠቀን ሰው ይመለከታል። ሐሳብ የሚጨመረው ግን ጊዜ ሲኖር ነው፤ መኪናውን ልጁ አጠገብ ማቆም ያንን ጊዜ አጠፋው። የጥሪ ተቀባይዋ ዝምታ የፖሊሱን ጥድፊያ አያጸድቅም፤ የፖሊሱ ጥድፊያም ዝምታዋን አያቀልላትም።

ስለዚህ የ8 ቀን እገዳ ብቻውን ነገሩን አይፈውስም። ደዋዩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ እንደ አድራሻው ሁሉ መጠየቅ፣ መጻፍና በሬዲዮ መነገር አለበት፤ ፖሊሱም ሳይነገረው ሲቀር «ማን አየ? ምን ያህል እርግጠኛ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። በሰው ሕይወት ላይ ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ያላወቀውንም ማስረከብ ግዴታው ነው።