ወዝ ይገዛልን?

ሰው ከሚገለገልባቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ሲያረጁ ዋጋቸው ይቀንሳል። ጥቂቶቹ ግን በአገልግሎት ብዛት ይከበራሉ። ከእነዚህ አንዱ የቆዳ ጃኬት ነው። ክርኑ የነጣ፣ የኪሱ አፍ የተፋቀ፣ አንገትጌው በወዝ የጠቆረ ጃኬት ከአዲሱ ይበልጥ የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህም የተነሣ፣ ገና ማንም ያልለበሰውን ጃኬት በፋብሪካ ውስጥ ፍቆና አሽቶ ያረጀ በማስመሰል መሸጥ በዓለም ገበያ የተለመደ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የአገልግሎትን ምልክት ያለ አገልግሎት መግዛት ይቻላልን? ቢቻልስ የተገዛው ነገር ምንድን ነው?

መልሱን ከመሻት በፊት የነገሩን አሠራር መመልከት ይገባል። ጥሬው ቆዳ ከዛፍ ቅርፊት በሚገኝ ማልፊያ፣ ወይም ከ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው የክሮሚየም ጨው ከለፋ በኋላ ቀለም ይገባዋል፤ በላዩም መከላከያ ቅብ ይደረብበታል። ጃኬቱ ወደፊት እንዴት እንደሚያረጅ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ቀለሙ ወደ ውስጥ የዘለቀ፣ ቅቡም የሳሳ እንደሆነ ቆዳው የእጅን ቅባት፣ ላብንና ፀሐይን እየተቀበለ መልኩን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ወፍራም ቅብ የተደረበበት ግን ለረጅም ጊዜ አዲስ መስሎ ይቆይና በመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ኋላም ይላላጣል።

ወፍራም ቅብ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ብዙ ጊዜ ጉድለትን ለመሸፈን ነው። የአገራችን የደጋ በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንትና ለልብስ ሥራ በዓለም ገበያ ይታወቃል፤ ሆኖም በጠጉሩ ውስጥ የሚኖሩ ተባዮች የሚያስከትሉት እከክ የቆዳውን ፊት ያበላሸዋል። እንዲህ ያለው ቆዳ ፊቱ ተፍቆ፣ ቅብ ተደርቦበት ካልሆነ በቀር ለልብስነት መብቃቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ መሸፈን ሁሉ ማታለል ነው ማለት አይቻልም፤ ሊጣል የነበረው ቆዳ በቅብ ምክንያት ለጥቅም ይውላልና።

«የውስጡ እውነት፣ የላዩ ሐሰት ነው» ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰውም ቢኖር ሌላ ምሳሌ ይጠብቀዋል። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ ከፈረስ ቆዳ ከተሰፉት ጥቋቁር ጃኬቶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ቡናማ፣ ጥቁሩም ላያቸው ላይ ብቻ ነበር። በክርኑ፣ በስፌቱ ጠርዝና በኪሱ አፍ ጥቁሩ ሲለቅ ቡናማው ብቅ ይላል። የዛሬዎቹ አድናቂዎች አጥብቀው የሚወዱት ይህንኑ ነው። ጉዳዩ እንግዲህ ቀለሙ ላይ ላዩን ከመሆኑ ሳይሆን፣ ሲገፈፍ ከሥሩ ምን ይገኛል ከሚለው ላይ ነው። ከአንደኛው ሥር ሌላ ቆዳ የሚያሰኝ መልክ ይወጣል፤ ከሌላው ሥር ግን እንዳይታይ የተፈለገው ጠባሳ ይወጣል።

የመለበስ ምልክት ዋጋ በቆዳው ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ታሪክም አለ። የአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል ኤ-2 የተባለውን የበረራ ጃኬት እ.ኤ.አ. በ1931 ተቀበለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቀለማቸው የለቀቀው አንዳንድ ጃኬቶች እንደገና ቀለም ተቀብተው ለአገልግሎት ተመልሰዋል፤ ለጦሩ መንጣት ጉድለት ነበርና። ዛሬ ግን አሰባሳቢው ያንኑ መንጣት ይፈልገዋል። ቆዳው ያው ነው፤ የተለወጠው ትርጉሙ ነው። አሰባሳቢው የሚፈልገው ንጣቱን ለብቻው አይደለም፤ እዚህ ቦታ ላይ የአንድ ሰው ክንድ እንደታጠፈ ንጣቱ የሚሰጠውን ምስክርነት ነው።

በፋብሪካ የተፋቀው ጃኬት ይህንን ምስክርነት ነው የሚቀዳው። ተከራካሪ ግን «ገዢው ያውቃል፤ ማን ተታለለ?» ሊል ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በቴአትር ቤት የአልባሳት ባለሙያው አዲሱን ኮት በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ጭቃ መሰል ቀለም ቀብቶ የድሀ ገበሬ ልብስ ያደርገዋል። ይህን ማንም ሐሰት አይለውም፤ ተመልካቹ መጋረጃው ሲከፈት ውሉን ተቀብሏልና። እንግዲህ ሐሰት በመፋቁ ውስጥ የለም። ያለው፣ ውሉ ሳይነገር ጃኬቱ «እኔ ኖሬያለሁ» ብሎ ለባለቤቱ እንዲናገርለት በሚፈለግበት ቦታ ነው።

ከዚህ የሚብስ ግን አለ። በቋንቋችን «ወዝ» የሚለው ቃል የፊትን ማማርና የአገልግሎትን ድምቀት ይገልጻል፤ ላብንና ድካምንም ይገልጻል። «ወዛደር» የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ ነው። ያረጀ የሚመስለው አዲስ ጃኬት በእርግጥ የሰው ወዝ አለበት፤ ይኸውም በብርጭቆ ወረቀት ክርኑን ሲፈገፍግ የዋለው ሠራተኛ ወዝ ነው። ነገር ግን ጃኬቱ የተሠራው ይህ ሠራተኛ እንዳይታሰብ፣ በእርሱ ፈንታ ያልነበረ ጀብደኛ እንዲታሰብ ነው። የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የጂንስ ሱሪን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ሱሪውን ያረጀ ለማስመሰል አሸዋ በአየር ግፊት ይረጭበት ነበር። በቱርክ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወጣቶች የአሸዋውን ብናኝ ስበው ሲሊኮሲስ በተባለ የማይድን የሳንባ በሽታ ተይዘዋል፤ የሞቱም አሉ። መንግሥቱ አሠራሩን የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የአንዱን ጉልበት አርጅቶ ማስመሰል የሌላውን ሳንባ በእውነት አስረጀው።

ሠሪውን ከሥራው ጀርባ መሰወር የባዕድ ጠባይ ብቻ ነው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ያለ ቆዳ ምርት መኝታው፣ ስልቻው፣ ብራናውና የፈረሱ ኮርቻ የማይሟላለት ኅብረተሰባችን «ፋቂ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርጎት ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ቆዳውን ወዶ አልፊውን መናቅና፣ ንጣቱን ወዶ ፈጋፊውን መርሳት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ታዲያ ወዝ ይገዛልን? የራስ ወዝ አይገዛም፤ የሚገዛው የሌላ ሰው ወዝ ነው። ይህም በራሱ ነውር አይደለም፤ ልባሽ ጃኬት የገዛ ሰው በማያውቀው ሰው ዕድሜ ላይ የራሱን ይጨምርበታል፤ ከአባቱ የወረሰም እንዲሁ ነው። ነውሩ የማን ወዝ እንደሆነ መካድ ነው። አዲስ ጃኬት የለበሰም በአዲስነቱ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ቅባት እየቀባ፣ የተተረተረውን እያሰፋ ቢይዘው ክርኑ በጊዜው ይነጣል፤ ያን ጊዜ ንጣቱ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው።