የተዘጋባት ነፍስና የመብራት ሒሳብ

የቤት መብራት ወጪን መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ የሥነ ምግባር ጥያቄ አያስነሣም፤ ቤተሰቡ የሚቀንሰው የገዛ ምቾቱን ነውና። ጥያቄው የሚመጣው በዚያው ቆጣሪ የምትኖር ሌላ ነፍስ ቤቱ ውስጥ ስትገባ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት የምዕራብ ጎጃም ከተሞች የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቦ እስከ 45 ቀን አሳድጎ ለገበሬ የሚሸጥ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ በየዙሩ ይገጥመዋል። ከመፈልፈያ ማሽን የወጣች ጫጩት እናት የላትም። የምትሞቀው በአምፖል ነው፤ አምፖሉን የሚያበራውም የሚያጠፋውም የመብራት ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ነው።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰላት ትሄድና ላባ ስታወጣ ብርዱን በራሷ ትችላለች። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል። ለፋሲካ ገበያ የሚደርስ አውራ ዶሮ የሚያስብ አሳዳጊ ጫጩት የሚያስገባው ደግሞ በዚሁ በቁሩ ወራት ነው። አንድ የመቶ ሻማ አምፖል ሌትና ቀን ሲበራ በቀን 2.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ21 ቀን 50.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 250 ዋት የማሞቂያ አምፖል ከሆነ በ21 ቀን 126 ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ፍጆታው ከዚያ ባለፈ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይንራል። ስለዚህ አንድ አምፖል ብቻውን የድሃውን እርከን ይጨርሰዋል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያም ዋጋውን በየጊዜው ከፍ እያደረገ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ የታቀደ ነው። አሳዳጊው «ሌሊት ለሁለት ሰዓት ባጠፋውስ?» ብሎ ቢያስብ የሚያስገርም አይሆንም።

ሃይማኖት ቁጠባን አይነቅፍም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ቁራሽ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ ታዟል። በእስልምናም ኢስራፍ፣ ማለትም ብክነት፣ የተወገዘ ነው። ነገር ግን ወንጌሉን ልብ ብሎ የሚያነብ አንድ ቅደም ተከተል ያያል፤ የተሰበሰበው የተራበው ከጠገበ በኋላ የተረፈው ነው። ገና ከሚበላው ሰው እጅ የተነጠቀ ቁራሽ የለም። ስለ ቁጠባ ብዙ ሲነገር ይህ ልዩነት ይዘነጋል።

እንስሳን በተመለከተም መጽሐፍ ቅዱስ ዝም አላለም። ምሳሌ 12፥10 ለእንስሳ ነፍስ መራራትን የጻድቅ ሰው ምልክት ያደርገዋል። ዘዳግም 25፥4 እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ይከለክላል። ጌታ ኢየሱስም ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ (ማቴዎስ 23፥37) ፍቅሩን የገለጸው ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች በምትሰበስብ ዶሮ ነው። ለጉዳዩ ከሁሉ የቀረበው ግን ሙስሊሞች ከቡኻሪና ከሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች የሚያውቁት ትረካ ነው፤ አንዲት ሴት ድመት ዘግታባት ራሷ ሳታበላት፣ ወጥታም የምድሩን እንዳትበላ ሳትለቃት ስለሞተች ተቀጣች። የሴቲቱ ጥፋት አለመመገቧ ብቻ አልነበረም። በሩን ከዘጋች በኋላ አለመመገቧ ነው። ከውጭ ያለች ድመት ምግቧን ትፈልጋለች፤ የተዘጋባት ግን ከዘጋባት ሰው በስተቀር ማንም የላትም። ግዴታው የተወለደው ከመዝጋቱ ነው።

ፈላስፎች በዚህ ላይ ተለያይተዋል። ካንት ሰው ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለበትም፤ በእንስሳ የሚጨክን በሰውም መጨከንን ስለሚለምድ ግን ከጭካኔ ሊርቅ ይገባዋል ይላል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ስለ በሬው የተነገረውን ሕግ ለሠራተኛ ሰው መብት ሲያውለው ወደዚህ አሳብ የቀረበ ይመስላል። ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መለኪያው እንስሳው ማሰብ መቻሉ ሳይሆን መሠቃየት መቻሉ ነው ሲል ተከራክሯል። ለጫጩት አሳዳጊ ግን ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ብርድ ያሠቃያታል፣ ብርዱን ያመጣባትም እሱ ነው። «ለመታረድ አይደል የምታድገው?» የሚለው መከራከሪያም ሩቅ አያስኬድም። ቢላዋ የሚጠብቃት መሆኑ እስከዚያ ድረስ ያለውን ዕድሜዋን ባለቤት አልባ አያደርገውም።

እንግዲህ ቁጠባ የሚፈቀደው የት ላይ ነው? መልሱ ሙቀቱ የሚሄድበትን መንገድ በመከተል ይገኛል። አምፖሉ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙው ወደ ጫጩቷ አይደርስም፤ ወደ ላይ ወጥቶ በቆርቆሮው ጣሪያ ያመልጣል፣ በበሩ ስንጥቅ ይወጣል። ያመለጠው የማንም ድርሻ ስላልሆነ እሱን ማስቀረት ንጹሕ ቁጠባ ነው። ሰፊውን ክፍል ከማሞቅ ጫጩቶቹን በካርቶን ክብ አጥር ማሰባሰብ፣ አምፖሉን ዝቅ ማድረግ፣ ከላይ መሸፈኛ ማበጀት፣ ወለሉ ላይ ገለባ ወፈር አድርጎ መጎዝጎዝ ሁሉም የሚቀንሱት ብክነቱን ነው። በኢትዮጵያ የግብርና ባለሙያዎች ሲያስተዋውቁት የቆየው የጭድ ሳጥን ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በእንጨት ሳጥን ግድግዳ ዙሪያ ጭድ ይጠቀጠቃል፤ ጫጩቶቹ ሌሊቱን በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት ያሳልፋሉ፤ መተንፈሻ ቀዳዳ ግን ሊቀርለት ይገባል። የጎጃም ጤፍ አምራች ጭድ አይቸግረውም።

አምፖሉን በኤልኢዲ መለወጥ ግን ለሳሎን እንጂ ለጫጩት ቤት አይሠራም። 9 ዋት የሚስብ ኤልኢዲ የባለ 60 ዋቱን ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ የሚቆጥበው ግን ሌላው በሙቀት የሚያባክነውን ነው፤ ጫጩቷ የምትፈልገውም ያንኑ ሙቀት ነው። ብክነት የሚባለው ነገር ዓላማው ሳይታወቅ አይለይም። በሌላው የዓለም ክፍል ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች የገጠማቸው ተቃራኒው ነው፤ የቀድሞዎቹ ኃይለኛ መብራቶች ውኃውን ከልክ በላይ ያሞቁባቸው ስለነበር ኤልኢዲ ወጪያቸውንም የእንስሶቹንም ችግር አቃሎላቸዋል። እነሱም ቢሆኑ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ሌሊት በማጥፋት ቢቆጥቡ ከጫጩት አሳዳጊው ጋር አንድ ጥያቄ ፊት ይቆማሉ። እንዲያውም ጥያቄው በእነሱ ይበረታል፤ ያ ገንዳ የተሠራው ለደስታ ብቻ ነው፣ ኮራልም ሲጨንቀው አይጮህም።

ጫጩት ግን ትናገራለች። ሲበርዳቸው ከአምፖሉ ሥር ተጣብቀው ጮክ ብለው ይጮኻሉ፤ ሲሞቃቸው ወደ አጥሩ ጥግ ሸሽተው ክንፋቸውን ከሰውነታቸው አላቀው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ሲመቻቸው በወለሉ ላይ ተበትነው እየጫሩ ይውላሉ። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ይህ ይታመናል። የቁጠባው ወሰንም እዚሁ ይታያል፤ አምፖሉ ተቀንሶ ጫጩቶቹ ተበትነው ከቀሩ የተቀነሰው ብክነት ነበር፣ ከተደራረቡ ግን ድርሻቸው ተነክቷል። መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንዷ በሌላዋ ላይ ትወጣለች፣ ከሥር ያሉት ይታፈናሉ። ለዚህ ተብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጀሪካን ማዘጋጀት ይቻላል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

ገንዘቡ በእርግጥ ከጠበበ ከአምፖሉ በፊት የሚታይ ሌላ ቦታ አለ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ የመቶ ሻማው አምፖል ሌትና ቀን ከሚፈጀው ይበልጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከመጋገር አንዴ ምጣዱ ከጋለ አይቀር ደርቦ መጋገር ቆጣሪውን በግልጽ ያሳርፈዋል። ቤተሰቡ ከራሱ ወገን መጀመሩ ተገቢ የሚሆነው ምርጫ ያለው እሱ ስለሆነ ነው።

ልጆቹን መመገብ ያቃተው ቤትስ? የሰው ልጅ ከጫጩት እንደሚቀድም አይካድም። ይህ ግን አምፖሉን አጥፍቶ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም፤ ጫጩቶቹን ለሚችል ጎረቤት መስጠት ወይም ቀድሞ መሸጥ ይቻላል። ዋናው ውሳኔ የሚወሰነውም የጫጩቶቹ ካርቶን ቤት ሳይገባ ነው፤ ሁለት መቶ ጫጩት በዝቅተኛው እርከን አሞቃለሁ ብሎ የተረከበ ሰው ጥፋቱን የሠራው በዚያ ቀን ነው። አቅሙ ለጥቂት ብቻ ከሆነ ገበሬው የሚያውቀው መንገድ አለ፤ የታቀፈች የሐበሻ ዶሮ በጨለማ ከሥሯ የተሰገሰጉ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ብዙ ጊዜ እንደ ራሷ ትቀበላለች። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚደርሱት ከክንፏ ሥር ይገባሉ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ከውጭ ይቀሩና ይበርዳቸዋል።