ስለ ጨዋታ ሕግና ስለ ጊዜው ልክ

ጨዋታ ቀላል ነገር ስለ ሆነ ሕግ አያሻውም የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሰው ለባልንጀራው ቅን መሆኑና አለመሆኑ በፍርድ አደባባይ እንደሚገለጥ ሁሉ በጨዋታ ሜዳም ይገለጣል።

ቆላ ድባ ያለችበት፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ መከሩ ከተነሣ በኋላ ለጨዋታ የተመቸ ነው። አባቶች በልደት በዓል ገና ሲጫወቱ፥ ጫፉ በተቆለመመ በትር ሩሯን እየመቱ፥ የሰዉ ቍጥርም የሜዳው ልክም አልተወሰነም ነበር። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባል ነበር። ይህን ያየ ሰው ጨዋታው ሕግ የለውም ይል ይሆናል። ሆኖም ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው እንዲያበቃ ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ፀሐይም ለማንም አታዳላም፥ ማንም አያስቸኵላትም።

ዛሬ ወጣቶች በመንደር ሜዳ ድንጋይ ለግብ አቁመው ኳስ ሲጫወቱ ጠቡ የሚነሣው ከዚሁ ነገር ነው። የመራው ወገን «በቃ፥ መሽቷል» ይላል፤ የተመራውም «ገና ነው» ይላል። የኳሱ ባለቤት የተሸነፈ እንደ ሆነም ኳሱን ታቅፎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ስለ ሰዓቱ የሚናገር ይመስለዋል፤ የሚናገረው ግን ጥቅሙ ነው። እንግዲህ ማን እንደሚያሸንፍ ከታወቀ በኋላ የሚወጣ ሕግ፥ ሕግ ሳይሆን የኀይለኛው ፈቃድ ነው።

«ሕግ ከጠበቀ ፍቅር ይቀዘቅዛል፤ ታናሹ ልጅና ዘግይቶ የመጣውም ይገፋል» የሚል ይኖራል። ይህ ነገር ቸል አይባልም። ምሕረትም ግን በሕጉ ውስጥ አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። ታናናሾቹ ከሁለቱም ወገን እኩል ይከፈሉ፤ ፀሐዩ የበረታ እንደ ሆነ ጊዜው ይጠር ዘንድ ይስማሙ። በመካከል ሕጉን መለወጥ ግድ ቢሆን፥ በለውጡ የሚጎዳው ወገን ሳይፈቅድ አይለወጥ።

በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብጽ (ያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ የተባለው) በ90 ደቂቃ 2 ለ2 እኩል ሆኑ። ከዚያም 30 ደቂቃ ተጨምሮ ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች። ጭማሪው ለባለ አገሩ ሲባል በዚያው ሰዓት የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ክብር ባልሆነ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት፥ በሕጉ ያልታገለ አክሊል እንደማይቀዳጅ አስተምሯል። ስለዚህ ኳሱ በመካከል ሳይቀመጥ ጊዜው፥ የሰዉ ቍጥር፥ ዳኛውና እኩል ቢሆኑ የሚደረገው ነገር ይነገር። በሜዳ ቃሉን መጠበቅ ያለመደ ልጅ፥ አድጎ በሸንጎ ሲቀመጥ ይቸገራል።